የገመድ ጎታቹ አረማመድ

ቂመኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው ልኩራበት ብዬ አይደለም፤ ንስሐም አይደለም፤ የንስሐ አባቴ ስንት ጊዜ ሰምተውኝ ሰልችቷቸዋል። ሰው «ሥዕል እንዴት ጀመርሽ?» ሲለኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀለም እወድ ነበር እያልሁ አልፈዋለሁ። ውሸት ነው። እኔ ሥዕል የተማርሁት የአንድ ሰውዬን አረማመድ ወረቀት ላይ አውጥቼ አገር ምድሩ እንዲያየው ለማድረግ ነው።

ሰውዬው የአባቴ እኩያ ነው። በአገራችን ወግ አንቱ ልለው ይገባኛል፤ ፊት ለፊት ስንገናኝም እለዋለሁ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አልለውም።

የአባቴ ማሳ ከገሳይ ከተማ ወደ ጉና ተራራ ሽቅብ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ከተሄደ በኋላ ነው። ገብስና ድንች ነው የሚያበቅለው፤ ብርዱ ሌላ አያስበቅልም። ከላይ ዳገት ነው፤ ታች ምንጩ ዳር ሲደርስ ግን ደልዳላ ይሆንና አፈሩ ይወፍራል። አባቴ ያንን ክፍል የማሳው ሆድ ይሉታል። የላይኛውን ውርጭ ሲመታው ቤታችንን የሚያበላው እሱ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የመሬት ሽግሽግ መጣ። ሰፊ ይዞታ ያለው ሰው ማሳው ተለክቶ፣ የሚተርፈው መሬት ለሌለው ይሰጣል ተባለ። አባቴ እንኳ «ደግ ነው፣ የሰው ልጅ ጦሙን አይደር» ብለው ነበር። ነገሩ የተበላሸው ገመዱ ሰውዬው እጅ ሲገባ ነው። የቀበሌ ሹም ስለነበር በመንደራችን ለኪ ተብሎ የተመረጠውም እሱ ነበር።

እኔ ያኔ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቼ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እማራለሁ። ለልኬታው ቀን ብዬ መጣሁ። ባለ መሬቱ ገመድ አይነካም የሚል ደንብ ስላወጡ፣ አባቴ ከድንበሩ ማዶ ካለች ጉብታ ላይ ቆመው እንዲያዩ ተደረገ። የገመዱን አንድ ጫፍ የሚይዝ ሰው ሲፈለግ ሰውዬው ወደ እኔ ጠቆመ።

«ይችው ተማሪዋ ትያዝ። ፊደል የቆጠረች ናት፤ ኋላ ተበደልን እንዳትሉ።»

ያዝሁ። እሱ ሌላውን ጫፍ ይዞ ሄደ። አረማመዱን ያኔ ነው ልብ ብዬ ያየሁት። ሜዳ ላይ ሆኖ እንኳ ዳገት እንደሚወጣ ሰው አንገቱን ያስቀድማል። ቀኝ ትከሻው ከግራው ይቀድማል። ተረከዙ መሬት አይጠግብም፤ ገና ከመንካቱ ይነሳል። ጋቢውን በግራ ትከሻው ብቻ ስለሚጥለው ጫፉ ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል።

ከእኛ በፊት የለካው የልጁን ባል፣ የአማቹን ማሳ ነበር። እዚያ ገመዱ እስከ መጨረሻው ተለቀቀ፤ እንዲያውም ችካሉ የተተከለው ገመዱ ካለቀ በኋላ ሁለት እርምጃ አልፎ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ግን መራመዱን ሳያቆም ገመዱን ክንዱ ላይ ጠቀለለው። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ከዚያ ጋቢውን አለበሰው። ለቤታችን የተፈቀደው በገመድ ቁጥር ስለነበር፣ እያንዳንዱ ገመድ በሦስት ዙር ሲያጥር ማሳችን ሆዱ ሳይደርስ አለቀ። የማሳው ሆድ «ትርፍ» ተብሎ ለአማቹ ሆነ።

እኔ ከኋላው፣ በገመዱ ሌላ ጫፍ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። አፌን ግን አልከፈትሁም። መልቀቂያ ፈተና ሊደርስብኝ ነው፤ ካለፍሁ ደግሞ ለኮሌጅ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልገኛል፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው ሰውዬው ነው። ወረቀት ዘረጉና «ልኬታው በትክክል መከናወኑን አይቻለሁ» የሚል ጽሑፍ ላይ አስፈረሙኝ። ፊርማዬ ያኔ ገና አዲስ ስለነበር አሳምሬ ነው የፈረምሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊቴ እየሄዱ፣ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ገመዱ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር፣ አባየ» አልሁ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። እኔ ግን ሰውዬው ላይ ጥርሴን ነከስሁ። ለራሴ የሚገባው ጥላቻ ሁሉ ሳይቀር እሱ ላይ ነው የተደፋው።

የመምህራን ኮሌጅ በእሱ ደብዳቤ ገባሁ። የሥዕል መምህራችን ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ብርዳችንን የማይችል፣ ሁልጊዜ ሁለት ሹራብ ደርቦ የሚለብስ ሰው ነበር። አንድ ቀን ትንሽ የእንጨት ሳጥን ይዞ ገባ። ውስጡ ጠመኔ የሚመስሉ ባለ ቀለም ዘንጎች ተደርድረዋል። ፓስቴል ይባላል አለን። የሀብታም ልጅ ጠመኔ ነው ብለን ተሳሳቅን።

ከኮሌጁ ጀርባ ወዳለው ኮረብታ አወጣንና ነፋስ የሚያስተኛውን የገብስ ማሳ አሳየን። «ገብሱን አትሣሉት» አለ። «አንድ አገዳ ከሣላችሁ ነፋሱን አቆማችሁት ማለት ነው። ነፋሱን ሣሉ።» ፓስቴሉን በጫፉ ሳይሆን በጎኑ አጋደመና ትንፋሹን ይዞ ነፋሱ በሄደበት አቅጣጫ አንድ ጊዜ ጎተተው። ወረቀቱ ሻካራ ስለሆነ ቀለሙ ጉብ ጉብ ያለውን ብቻ ይዞ ጎድጓዳውን ዘለለው። ማሳው ሲያበራና ሲጠቁር በዐይናችን አየነው። ከዚያ ሩቁን ተራራ በጣቱ አሸው፤ ጠርዙ ጠፍቶ ጭጋግ ሆነ። ቅርቡን ሣር ደግሞ ሳያሸው እንደ ሻከረ ተወው። ያሹት ይርቃል፣ ያላሹት ይቀርባል አለን።

ሌሎቹ ተራራና ዛፍ ሲሠሩ እኔ ሰውዬውን ሠራሁ። ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ አላውቅም። ፊቱን አሳምሬ እሠራለሁ፤ ሽንቁር ዐይኑን፣ የተጣበቀ ከንፈሩን፣ ጥላቻዬ እስኪወጣልኝ ድረስ ጫን እያልሁ እሠራለሁ። መምህሩ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆሞ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ያላደረገ ሰው እንዲህ አይሣልም። ለማንኛውም ቆሟል። ጫን ስትይ ሰውየው ይቆማል። ፊቱን ተይው፤ አካሄዱን ፈልጊ።»

ፊቱን መተው ከብዶኝ ነበር፤ እኔ የምፈልገው ሰው አይቶ እንዲለየው ነው። መምህሩ ግን አንድ ነገር አሳየኝ። የሚሄድ ሰው ከፊቱ ያለው ጠርዙ ጥርት ይላል፤ ከኋላው ያለው ግን በመጣበት መንገድ ላይ እየተበተነ ይቀራል። ስለዚህ የፊት ለፊቱን ጠርዝ በፓስቴሉ ሹል ጫፍ አንድ ጊዜ ማስመር፣ የኋላውን በትንሽ ጣት ወደ መጣበት አቅጣጫ መጎተት ነው። ያንን በሠራሁ ዕለት ሰውዬው ወረቀቱ ላይ ተነስቶ ሄደ። ዐይን የለው፣ አፍ የለው፣ ግን እሱ ነው። አሁን ያዝሁህ አልሁ።

ተመርቄ ደብረ ታቦር አንድ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት ሆንሁ። ዓመታት አለፉ፤ ሰውዬው ከቀበሌ ወረደ፤ አማቹ የማሳችንን ሆድ እያረሰ ልጆች አሳደገ። እኔ እጠብቃለሁ። ትምህርት ቤታችን ለወላጆች ቀን በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሥዕል ትርኢት ይኑር ሲል ጊዜው ደረሰ አልሁ። ችግሩ፣ ፓስቴል ከተማችን ውስጥ ለመድኃኒት ቢፈለግ እንኳ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ልሠራው ወሰንሁ። የክፍል ጠመኔ ወቅጬ፣ ከሰል ፈጭቼ፣ በተልባ ውሃ ለውሼ፣ በመዳፌ እያድቦለቦልሁ ጥላ ላይ አደርቅ ጀመር። ተልባው ሲበዛ ዘንጉ ይደድርና ወረቀት ይቧጭራል፤ ሲያንስ እጅ ላይ ይፈረፈራል። መጠኑን እስካገኝ ድረስ ወር ፈጀብኝ። ወረቀት ያደረግሁት የሲሚንቶ ከረጢት ነው፤ ተዘርግቶ ሲተኮስ እንደ እሱ ቀለም የሚይዝ ነገር የለም።

የቀረኝ የአፈሩ ቀለም ነበር። አፈር እማ የትም ሞልቷል። እኔ ግን የፈለግሁት የማሳውን ሆድ አፈር ነው። በሚኒባስ እስከ ገሳይ፣ ከዚያ ሽቅብ በእግር ሄድሁና ምንጩ ዳር ተንበርክኬ በፌስታል አፈር መዛቅ ጀመርሁ። ግማሽ ሳልሞላ የሰውዬው ልጅ፣ የአማቹ ሚስት፣ እንስራ አዝላ ብቅ አለች።

«እቴ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ምንም አልጠፋኝም። አፈር ፈልጌ ነው።»

«አፈር? ከእኛ ማሳ?» አለች። «ለምንሽ?»

ለሥዕል ነው ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን «ከእኛ ማሳ» ማለቷ አንገበገበኝ። «ለአንድ ሥራ ነው» አልሁና ፌስታሌን ቋጥሬ ተነሳሁ። አማተበች። ከሰው ማሳ አፈር ቆንጥሮ የሚሄድ ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚባል አውቃለሁ። አውቄ ነው ዝም ያልሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገሳይ ደረሰ ማለት ይቻላል። እገሊት የአባቷን ቂም ልትወጣ አፈር ወሰደች፣ ልትመትትበት ነው ተባለ። ጓደኞቼ ሲነግሩኝ ሳቅሁ። የተማርሽ ሰው ሆነሽ አስተባብዪ እንጂ አሉኝ። ለምን ብዬ? ሰውዬው ትንሽ ይፍራ።

ሥዕሉን በዚያው አፈር ሠራሁት። መጀመሪያ ጥቁሩን መሬት በዘንጉ ጎን በሰፊው አጋደምሁ፤ በላዩ ገብሱን ነፋሱ በሚሄድበት ሳብሁት፤ ጉናን ከኋላ በመዳፌ አሽቼ አራቅሁት። ከዚያ ሰውዬውን አስገባሁ። አንገቱን ያስቀደመ፣ ተረከዙ መሬት የማይጠግብ፣ የጋቢው ጫፍ ወደ ኋላ የሚበተን፤ ፊት የለውም። ጋቢውን ግን ከክንዱ ላይ ገለጥሁት። ሦስቱን ዙር በደረቅ ነጭ ጠመኔ፣ ሳላሽ፣ አንድ በአንድ አስመርኋቸው። በሥዕሉ ውስጥ ከዚያ በላይ የጠራ ነገር የለም። ገመዱ ከክንዱ ተነስቶ ወደ ወረቀቱ ጠርዝ ይሄድና እዚያው ያልቃል።

የወላጆች ቀን ከገበያ ቀን ጋር ስለገጠመ ከጉና በኩል ገብስና በግ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ አለ። እኔ በር አጠገብ ቆሜ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያዋ ሴት ገና ከሩቁ አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ውይ! ይሄማ እሱ ነው!» ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አንዱ ሽማግሌ ቀረብ ብለው ክንዱን አዩና «ለካ እንዲህ ነው የተለካነው» አሉ። ከቤተ መጻሕፍቱ እየወጡ አረማመዱን እያስመሰሉ የሚሳሳቁ ወጣቶች አየሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጠግቤ አላውቅም።

በሚቀጥለው ገበያ ራሱ መጣ። አርጅቷል፤ አረማመዱ ግን ያው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የነበረው ሰው መንገድ ለቀቀለት። ሥዕሉ ፊት ቆመ፤ ክንዱን አየ፤ የራሱን ክንድ ጋቢው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«በምን ሠራሽው?»

«በአፈር።»

«የየት አፈር?»

«እርስዎ የሚያውቁት አፈር ነው» አልሁት፤ አንቱታዬን ሳላጓድል።

ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ሲወጣ ተረከዙ መሬት ይጠግብ ነበር፤ እየጎተተ ነው የወጣው። ከሳምንት በኋላ ቀኝ ክንዱ አልታዘዝ ብሎት ጠበል ገባ የሚል ወሬ ሰማሁ። የሥዕሉ ክንድ የተሠራው ከማሳው አፈር ነው፣ እሷ ካልፈታችው አይድንም ይባላል አሉኝ። እንደዚያ ያለ ነገር እንደሌለ እኔ አውቃለሁ፤ ጠመኔና ተልባ ነው። አንድ መልእክት ብልክ ይበቃ ነበር። አልላክሁም። ማታ ማታ ስተኛ ክንዱን እያሰብሁ ደህና እንቅልፍ እተኛለሁ።

ከዚያ አባቴ መጡ። ትርኢቱ አልቆ ሥዕሉ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ነበር። በበቅሎ እስከ ገሳይ፣ ከዚያ በመኪና መጥተው ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊቱ ቆሙ። ይህን ሁሉ ዓመት ልነግራቸው ያልቻልሁትን አሁን ሥዕሉ ይነግርልኛል ብዬ ነበር። ማሳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ሳያስነኩ ወደ ክንዱ ዘረጉ።

«ሦስት ነው። ልክ ነሽ፣ ሦስት ዙር ነው።»

«አባየ፣ ያውቁ ነበር?»

«ከጉብታው ላይ ቆሜ የለም ወይ። ዐይኔ ያኔ ደህና ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«እኔማ ባለጉዳይ ነኝ። የባለጉዳይ ቃል ማን ይሰማል? የሚሰማው ያንች ቃል ነበር። በመንገድ የጠየቅሁሽ እኮ አጥቼው አይደለም።»

እሳቸው ሥዕሉን ትተው እኔን ማየት ጀመሩ።

«የሰውዬው ሚስት ድንጋይ ተሸክማ ደጄ መጣች» አሉ። «ልጅዎ ትፍታልኝ ብላ። ልጄ መተት አታውቅም፣ ሥዕል ነው አልኋት። አላመነችኝም። ካንች አፍ ነው የምትሰማው። ያን ጊዜም ዝም አልሽ፤ አሁንም ዝም አልሽ። ይችን የገመዱን ጫፍ የያዘችውን ልጅ ደግሞ የት ጣልሻት? ገመድ ብቻውን አይወጠርም።»

ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። ይቅር ልበለው ብዬ አይደለም፤ ይቅርታ ውስጤ አልነበረም፣ ዛሬም የለም። የአባቴ አስተያየት ነው እንቅልፍ የነሳኝ። በአራተኛው ቀን በጠዋት ወደ ጠበሉ ሄድሁ። ሰው ተጠምቆ ፀሐይ ይሞቃል። ሰውዬው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፏል። ሚስቱ ስታየኝ ተነሳች። ሁሉም ወሬውን ያውቁ ነበርና ወደ እኛ ዞሩ።

«መተት የለም» አልሁ። «ሥዕል ነው። በጠመኔና በተልባ ነው የሠራሁት። አፈሩ ለቀለም ነው። ክንድዎን አልነካሁም፤ መንካትም አላውቅም።»

ሚስቱ እልል አለች። ሰውዬው ግን መጀመሪያ ክንዱን አየ። ጣቶቹን ዘረጋ፣ አጠፈ። ቀስ ብሎ አነሳው፤ ተነሳለት። ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ አየሁ። ማመስገን አልመጣበትም። ብድግ ብሎ ጋቢውን በግራ ትከሻው ጣለና ዙሪያውን ወደተቀመጠው ሰው ዞሮ ሳቀ።

«ታዲያ እኔ ምን አስፈራኝ! ልኬታውማ ልክ ነበር። ይችው ናት ገመዱን የያዘች። ፊርማዋ ቢሮ ተቀምጦ የለ!»

ስንት ዓመት ስሥለው የኖርሁት ሰውዬ ፊርማዬን አውጥቶ ከፊቴ አቆመው። ጥፊ ብሰጠው ደስ ባለኝ። እጄን አላነሳሁም፤ ድምፄን ነው ያነሳሁ።

«አዎ፣ ፈርሜያለሁ» አልሁ። «ገመዱን ክንድዎ ላይ ሦስት ዙር ሲጠቀልሉ ከኋላ ቆሜ እያየሁ ነው የፈረምሁ። ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ብዬ የአባቴን ማሳ በፊርማዬ ሰጠሁ። ለአባቴም ልክ ነው ብዬ ዋሸሁ።»

ሳቁ ቆመ። የሚያስተባብል መስሎኝ ጠበቅሁ። አላስተባበለም፤ ዐይኑን ሰበረና ጋቢውን ክንዱ ላይ ሳበ። አሁን ሕዝቡ ይፈርድበታል ብዬ ዙሪያዬን ተመለከትሁ። ከጉና የመጡት ገበሬዎች፣ ሴቶቹ፣ የትምህርት ቤታችን ወላጆች ሳይቀሩ ነበሩ። እሱን የሚያይ ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያዩት እኔን ነበር።